ሳይሞቅ የሞቀ የሚመስል ድንጋይ፦ የሥነ ምድር ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ችግኝ ተክሏል፤ በግቢያችን አፈር በጎርፍ የሚሸረሸርባቸውን ቦታዎችም በካርታ አንሥቷል። ስለ እነዚህ ብዙ አልጽፍም። የአባላቱን ልብ ሰቅዞ የከረመው አንድ ጥያቄ ስለሆነ ገጹን ለእሱ ልስጥ፦ በጥንታዊ ሼል (ጭቃ ጠንክሮ በሠራው፣ በንጣፍ በሚላጥ ድንጋይ) ውስጥ የተቀበረውን የሕያዋን ቅሪት ከሙቀት ሌላ ምን ይለውጠዋል?

ነገሩ የተነሣው ከአንድ የጣሳ ሙከራ ነው። ሰጋቱራ በጣሳ ሞልተን፣ ክዳኑን በምስማር በስተን ከሰል ላይ ጣድነው። ጥቂት ቆይቶ ከቀዳዳው ቢጫማ ጢስ መውጣት ጀመረ፤ ክብሪት ሲቀርብለት ጢሱ ራሱ ቦግ ብሎ ነደደ። ጣሳው ቀዝቅዞ ሲከፈት የተገኘው ጥቁር ከሰል ነው። ሙቀት ሃይድሮጂን የያዘውን ክፍል በጋዝ መልክ ያስወጣል፤ ካርቦኑ ይቀራል። ሼል በጥልቀት ተቀብሮ ሲሞቅም በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተመሳሳይ ለውጥ ይደርስበታል፤ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ የሚፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከካርቦኑ አንጻር የቀረውን ሃይድሮጂን እየለኩ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሞቀ ይገምታሉ።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሃይድሮጂኑን ሌላ ነገር ቢወስደውስ?» የቀረውን ዓመት የሠራነው ለዚህ ጥያቄ ነው።

መልሱን ያገኘነው ከስዊድን ድንጋይ ነው። አሉም ሼል የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦክስጅን ባጣ የባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ጭቃ ነበር። በውኃው ሟሙቶ የነበረው ዩራኒየም እንዲህ ባለ ጭቃ ውስጥ መሟሟቱን ትቶ ከኦርጋኒክ ቁሱ፣ ማለትም ከሕያዋን ቅሪቱ፣ ጋር ይቀመጣል። የምድር ቅርፊት በአማካይ ከሚሊዮን 3 ክፍል የማይሞላ ዩራኒየም ሲይዝ፣ የዚህ ሼል አንዳንድ ንጣፎች ብዙ መቶ ይይዛሉ፤ በውስጡ የሚገኙት ኮልም የተባሉ ከሰል መሰል ጓሎች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ራንስታድ ላይ ዩራኒየም ያወጣችው ከዚሁ ሼል ነው።

ዩራኒየም 238 በሂደት ወደ እርሳስ እስኪለወጥ ድረስ 8 የአልፋ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ አልፋ አንዱ የጨረር ዓይነት ነው። አልፋ በድንጋይ ውስጥ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል እንኳ አይጓዝም፤ ነገር ግን በዚያች አጭር መንገድ ካርቦንን ከሃይድሮጂን ያስተሳሰረውን ማሰሪያ ይበጥሳል። የተፈታው ሃይድሮጂን ያመልጣል፤ የቀሩት ካርቦኖች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። በሟሟ ሊወጣ የሚችለው ዘይት ይቀንሳል፤ በጭቃው ውስጥ ምን ዓይነት ሕያዋን እንደነበሩ የሚመሰክሩ ሞለኪውሎችም ይሰባበራሉ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚቆጨኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ዘይት በሌላ ቦታ ይገኛል፣ የጠፋ ምስክር ግን አይተካም። በደቡብ መካከለኛው ስዊድን በብዙ ቦታ ይህ ሼል በጥልቀት አልተቀበረም፤ ሆኖም ኦርጋኒክ ቁሱ የሞቀ ይመስላል።

የዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪፈራርስ የሚወስደው ጊዜ፣ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሳንቲም እየበተንን፣ በአንበሳው በኩል የወደቁትን እያወጣን የግማሽ ዕድሜን ትርጉም ካየን በኋላ አባላቱ ስሌቱን ራሳቸው ሠሩት። በ500 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ 7.5 በመቶ ገደማው ይፈራርሳል። ከአይከል የመጣ አባላችን ላሳየን የጭልጋ ሼል ሲያሰሉ ግን ግማሽ በመቶም አልሞላም፤ ከሰል ያለበት የጭልጋ ደለል ዕድሜው ወደ 28 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነውና። ድንጋዩ በጥፍር ሲነካ ንጣፍ በንጣፍ ይላጣል፤ ከአንዱ ንጣፍ ሥር የቅጠል ጅማት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥቁር ስለሆነ ጨረር አለበት ብለው ሊነኩት የፈሩ ነበሩ። ጥቁረቱ የካርቦን እንጂ የጨረር ምልክት አለመሆኑን ከተረዱ በኋላ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

በወላጆች ቀን አባላቱ ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ አቀረቡ። አንድ አባት «ታዲያ ሙቀት ይሁን ጨረር በምን ትለያላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልስ ልሰጥ ስዘጋጅ ያች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቀደመችኝ፦ «አባባ፣ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ንጣፎች አብረው ይሞቃሉ። ስለዚህ ዩራኒየም የበዛበትንና ያነሰበትን ወስዶ ማወዳደር ነው፤ ለውጡ ዩራኒየሙን ከተከተለ ጨረር ነው።» ተመራማሪዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩም በዩራኒየም ቅንጣቶች ዙሪያ የተለወጠውን ጠባብ ክብ ይፈልጋሉ። ለመጪው ዓመት ክበቡ የጠየቀው የድንጋይ ማለስለሻ ወረቀትና አንድ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ነው።