ከማብሪያው እስከ መግቢያው ገጽ፦ የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችንን «ጌም ቤት» የሚሉ ባልደረቦች መኖራቸውን ስለማውቅ፣ ዘገባዬን አባላቱ ዓመቱን ሙሉ ሲከራከሩበት በቆዩት ጥያቄ እጀምራለሁ፤ ኮምፒውተር ሲበራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገና ዲስክ ላይ ተኝቶ ሳለ ማን ነው የሚቀሰቅሰው?

ሥራ አስፈጻሚ በጥቅምት ተመርጧል፤ ስብሰባው ዘወትር ዓርብ ከሰዓት ተካሂዷል፤ ቃለ ጉባኤው በጸሐፊው እጅ ይገኛል።

የቤተ ሙከራችን ማሽኖች ያረጁ ናቸው፤ ለዚህ ትምህርት ግን እርጅናቸው በጀን። በእነርሱ ላይ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ በዋናው ሰሌዳ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) ከሃርድ ዲስኩ አንብቦ የሚያስነሣው የመጀመሪያውን ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት ብቻ ነው። ከዚህ ላይ 64 ባይት ለፓርቲሽን (ለዲስኩ ክፍልፋዮች) ሰንጠረዥ፣ 2 ባይት ደግሞ ለመለያ ምልክት ስለሚያዝ፣ ለፕሮግራሙ ከ446 ባይት የሚበልጥ ቦታ አይተርፍም። በዚህች ቦታ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) አንብቦ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) የሚያስነሣ ፕሮግራም ስለማይገባ፣ ኡቡንቱ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያስነሣው ግሩብ የተባለው ቡት ሎደር (አስነሺ ፕሮግራም) ሥራውን በደረጃ ይከፋፍላል። ትንሹ ክፍል ከእርሱ ቀጥሎ ዲስኩ ላይ የተቀመጠውን ዋና ክፍል ይጭናል፤ ዋናው ክፍል ፋይል ሲስተም ማንበብ ስለሚችል ሞጁሎቹን (ተጨማሪ ክፍሎቹን) እና የምርጫ ዝርዝሩን ከፓርቲሽኑ ያመጣል፤ ከዚያም ከርነሉን ወደ ሜሞሪ ጭኖ ሥራውን ያስረክበዋል።

በየካቲት ወር እኔ በሌለሁበት አንድ አባል ትርፍ የመሰለውን ፓርቲሽን ሰረዘ። የኡቡንቱው ፓርቲሽን ቁጥር ከ6 ወደ 5 ስለተለወጠ፣ ማሽኑ በማግሥቱ «ግሩብ ሬስኪዩ» (ግሩብ ፋይሎቹን ሲያጣ የሚገባበት የጥገና ሁኔታ) ብሎ ቆመ። እኔም ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጭን ፍላሽ ስፈልግ፣ ከመንዝ መጥታ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን «ቲቸር፣ ይቆዩ፤ እሳቱ እኮ አልጠፋም» አለችኝ። «ክብሪቱ ጭራሮውን ለኩሶታል፤ ጭራሮውም ነዷል፤ ኩበቱ ግን ከተለመደው ቦታ ተነሥቷል እንጂ ቤት ውስጥ አለ።» ከዚያም በዚያ ብርድ ጣቶቿን እያሟሸች የፓርቲሽኖቹን ዝርዝር አወጣች፤ ፋይሎቹ ያሉበትን አዲሱን ቁጥር ለግሩብ ነገረችው፤ የጎደለውን ሞጁል ጠራች። የምርጫ ዝርዝሩ ሲመጣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ግን ለሦስት ሳምንታት በሰሌዳ ላይ ስደክምበት የቆየሁትን ትምህርት በጭራሮና በኩበት ስትጨርሰው፣ ደስታዬን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ኡቡንቱው ከተነሣ በኋላም ስሕተቱ እንዳይደገም ግሩብን ዳግም የጫነችው እርሷው ናት።

ያልተሳካልንም አለ። በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው ፕሮግራም) ቡት ሎደሩን ፋት በተባለው ፋይል ሲስተም ከተሰናዳ ፓርቲሽን ላይ እንደ ፋይል እንደሚያነብ በሰሌዳ ላይ ብቻ ነው ያስተማርነው፤ ለማሳያ የሚሆነው ብቸኛው ማሽን የርእሰ መምህሩ ስለሆነ ልንጠይቅ አልደፈርንም። ከዚህ የባሰው ግን የማዘርቦርዶቹ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪዎች ማለቅ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኖቹ ቀኑንም፣ የሚነሡበትን ዲስክ ቅደም ተከተልም ይረሳሉ፤ በዚህም የስብሰባችን የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይህንኑ በማስተካከል ያልቃል። ለስፖርት ክበብ በየዓመቱ ማልያ መገዛቱን አልቃወምም፤ የእኛ ባትሪ ግን ከአንድ ማልያ ዋጋ አይደርስም። የሚያስፈልጉትን ባትሪዎች ዓይነትና ብዛት ለግዥ ክፍሉ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ አንድ ጊዜ በኅዳር፣ አንድ ጊዜ በግንቦት።