ካፖርቱ ይቅርብኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ በ67 ዓመትህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ቤት ትጠርጋለህ? ጡረታ የወጣኸው ልታርፍ አይደለም?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። መስመሩ ባይቋረጥ እኔም የምቆጣው ነበረኝ።

ያረፍኩበትን ጊዜ እናትሽን ጠይቂያት። ከቁርስ እስከ ምሳ ሬዲዮ፣ ከምሳ እስከ ራት ንትርክ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሒሳብ ስዘጋ ኖሬ፣ በመጨረሻ የምቆጥረው መብራት የጠፋበትን ሰዓት ብቻ ሆነ።

ያስነሱኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረው ይሰጡሽ የነበሩት። ዛሬ 78 ዓመታቸው ነው። ሰንበቴያችን እንደ ወጉ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ቀምሶ ይበተን ነበር። አንድ እሑድ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ዝክሩን በግማሽ ቀንሰው «የቀረው አልጋ ላይ ላሉት ነው» አሉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ ቅር አለው፤ እኔም በልቤ አጉረመረምኩ። እሳቸው መሶባቸውን አንስተው ወጡ። የተከተልኳቸው ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብዬ እንጂ ለጽድቅ አልነበረም።

በገባንበት ቤት አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ። ምግቡን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ ያስጨነቃቸው የእግራቸው ጥፍር ነበር። እንደ ቀንድ ጠንክሮ፣ ወደ ሥጋው ታጥፎ ካልሲ አያስገባም። ጎረቤታችን ውኃ ለብ አድርገው፣ ጨው ጣል አድርገው እግራቸውን ዘፈዘፉ። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ «የእኔ ዓይን አያይም» ብለው መቀሱን ለእኔ ሰጡኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው «ጌታው፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አሉኝ። «ሒሳብ ሠራተኛ» ስላቸው «እንግዲያው ጣቶቼን ቆጥረው ያስረክቡኝ!»

ማቴዎስ 25 ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ መሰለሽ። ተርቤ፣ ተጠምቼ፣ ታርዤ እያለ የሚቆጥረው ስድስት ነገር ነው፤ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ጥፍር በስም አልተጠራም፤ «ታምሜ» በሚለው ውስጥ እንዳለ ግን ያን ቀን ገባኝ።

አበበች ጎበናን ታስታውሻለሽ። በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ ወሎ ላይ ረሃቡን አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ የሚያሳድጓቸው ልጆች ቁጥር 21 ደረሰ። ቤተሰብ ቢቆጣ ቤታቸውን ትተው ወጡ እንጂ ልጆቹን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ሲያርፉ 85 ዓመታቸው ነበር። የእሳቸውን ነገር ሳነሳባቸው ጎረቤታችን «እሳቸው ልጅ አሳደጉ፤ እኛ እስኪ ጥፍር እንቁረጥ» አሉኝ።

ከሁሉ የገረሙኝ የሠፈሩ ጎረምሶች ናቸው። በር ላይ ተኮልኩለው ስልክ ሲነካኩ የሚውሉትን ማንም አልሰበካቸውም። ጎረቤታችን ጀሪካን አንስተው ሦስት እርምጃ ሄደው ሲያርፉ፣ ደግሞ ሦስት ሄደው ሲያርፉ አንደኛው አላስቻለውም፤ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። በሳምንቱ ጓደኛውን ይዞ መጣ። አሁን አምስት ሆነዋል። ሕመምተኛ ማንሳትና ፍራሽ ማገላበጥ የእነሱ ድርሻ ነው፤ ለእኔ ወገብ አይሆንም። አንደኛው ሙስሊም ነው፤ አያቱም ዛሬ ከምንጠይቃቸው መካከል ናቸው። ወዲያው ያላመናቸው የማኅበሩ ሙሴ እንኳ ባለፈው ቅዳሜ ሳሙና ይዞ ብቅ ብሏል። አላናገርነውም፤ መጥረጊያ ሰጠነው።

ስለዚህ ለገና በሰው እልካለሁ ያልሽው ካፖርት ይቅርብኝ። በምትኩ ጠንካራ የጥፍር መቁረጫ፣ ያን እንደ ጉጠት ያለውን፣ ሦስት ያህል ላኪልኝ። መቀሴ ደንዟል። እናትሽ ደግሞ ለሽማግሌው ላስቲኩ የማያጠብቅ ካልሲ ጨምሪ ብላለች። እግራቸው 44 ቁጥር ነው፤ ለክቼዋለሁ።

አባትሽ