ይድረስ ለልጄ፣ ስቶክሆልም

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ አይደለም። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ እንዳለሽ፣ ጠዋት ከአልጋ መውረድ እንደሚያቅትሽ እህትሽ ነግራኛለች። አትቆጫት፤ ጨንቋት ነው። ለእናትሽ ግን ሁሌ «ደህና ነኝ»። ስትደውይ ከኋላሽ ያለው መጋረጃ በጠራራ ቀንም ዝግ ነው።

አዲስ አበባ ክረምት ከበጋ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እናንተ ጋ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ 9 ሳይሞላ ትጠልቃለች። ምሳ በልተሽ ሳትነሺ መሸ ማለት ነው! ይሄ ብቻውን ሰው ያስከፋል፤ ሐኪሞቹም ያውቁታል።

ግን ጨለማው ብቻ አይመስለኝም። በ2016 እነ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ቡና አጣጫችን የነበሩት ሴትዮ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ሰሞኑን ጊዮርጊስ ሊሳለሙ መጥተው አገኘኋቸው። ከስተዋል። ቤቱ ጥሩ ነው አሉ። «ግን ቡና ደርሷል ብሎ በሬን የሚያንኳኳ የለም። አፌን ሳልከፍት ይመሻል።» እሳቸው እንግዲህ ከተማም ቋንቋም አልቀየሩም። አንቺ ሁሉንም ነው የቀየርሽው። ታዲያ ብትታመሚ ምኑ ይገርማል?

ሐኪም ጋ ሂጂ። ያደግሽው አማኑኤል ሆስፒታል ደጃፍ መታየት እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር ስለሆነ መፍራትሽ ይገባኛል። እዚያ ግን የጤና ምክር ስልኩ ላይ፣ 1177፣ ደውለሽ የት መሄድ እንዳለብሽ መጠየቅ ትችያለሽ። አስተርጓሚም ጠይቂ። አበሻው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ካልሽ፣ በስልክ የሚያስተረጉም ይሁንልኝ በያቸው። አስተርጓሚም እንደ ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መድኃኒት ከሰጡሽ ደግሞ በሁለት ቀን «አልሠራም» ብለሽ እንዳትጥይው። የድብርት መድኃኒት ሳምንታት ይፈልጋል። ማቆም ቢያምርሽም ሐኪሙን ሳታማክሪ አይሆንም።

እናትሽ የእንጦጦ ማርያም ጠበል በጠርሙስ ቀድታ ሰው የሚመጣ እየጠበቀች ነው። ተቀበያት። መጀመሪያ «ጠበሉ ይበቃታል» ብላኝ ነበር። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ማለታቸውን ሳስታውሳት ዝም አለች። እናትሽ ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው፤ ታውቂያታለሽ።

የብሩን ነገር ደግሞ ስሚኝ። እስከ ፋሲካ ምንም እንዳትልኪ። ሁለት ፈረቃ የምትሠሪው ለእኛ ብለሽ ነው። ጡረታዬ ቀጭን ቢሆንም ሽሮ አላጣንም። ያን ተጨማሪ ፈረቃ ተይና ተኚበት። ለሠርግ ላኪልን ያሉሽን ዘመዶች እኔ አናግራቸዋለሁ። ቢከፋቸው በእኔ ይክፋቸው።

አባትሽ
ፒያሳ