ለአብሮ አደጌ፣ ከድሬ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብዙ ጊዜ ተጠፋፋን። ናፍቆትሽ ግን አንድም ቀን ከልቤ አልወጣም።

ወንድምሽ ሰሞኑን ለሥራ ድሬ መጥቶ ሀዋሳ ላይ ባልትና መክፈትሽን ነገረኝ። አቦ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሐረር እያለን ሽሮ ያለቀበት ጎረቤት ሁሉ እናንተ ቤት አልነበር የሚመጣው? “በዚህ ዓመት ሁለት ሱቅ ልትጨምር አቅዳለች” ሲለኝ ግን ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ዕቅድሽን አልቃወምም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የፊታችን ሰኞ ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ? ሁለት ሱቅ መጨመር ሰኞ ጠዋት ተነስተው የሚሠሩት ነገር አይደለም።

እኔ እንደምታውቂው የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምሰፋው። የስፌቱ ጥድፊያ ክረምት ላይ ነው፤ ትእዛዙ የሚያዘው ግን ከዚያ በፊት ነው። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት የሚያንኳኳ ሰው ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ዕቅዴ “ይህን ያህል ብር አስገባለሁ” አይልም። “ከየካቲት ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ትምህርት ቤት ናሙና ይዤ እሄዳለሁ” ነው የሚለው። ሥራውን መስጠትና አለመስጠት የእነሱ ነው። መሄዱ ግን የእኔ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ወይ ሄጃለሁ፣ ወይ አልሄድኩም።

ደግሞ ዕቅድሽን በብር ብቻ አትለኪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የእኔ ጨርቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በብር ያቀደ ሰው ዕቅዱን ከነትርፉ አሳክቶ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ጣቃ ግን ከአምናው ሊያንስበት ይችላል። እኔ የምቆጥረው በዩኒፎርም ነው። አንዱን ሸጬ ባገኘሁት ገንዘብ የሌላውን ጨርቅ፣ ክርና የሰፊዋን ክፍያ መሸፈን እችላለሁ ወይ? አንቺም በኪሎ ቁጠሪ። አንድ ኪሎ በርበሬ የሸጥሽበት ገንዘብ ዛላውን፣ ቅመሙን፣ ወፍጮውንና ትራንስፖርቱን ችሎ ሌላ ኪሎ ካላዘጋጀልሽ፣ ደንበኛ በር ላይ ቢሰለፍም ሱቅሽ እያነሰ ነው። ይሄንን ሳታውቂ ሁለተኛ ሱቅ አትክፈቺ። እባክሽ።

አሁን ደግሞ ስለ እቁባችን ልንገርሽ። እቁብ የምወደው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሰበብ ስለማይሰማ ነው። ቀኑ ከደረሰ ትጥያለሽ፣ አለቀ። ለዚህ ነው ዕቅዴንም እዚያው ያስገባሁት። ከእቁቡ ሴቶች አንዷ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ጫማ ትሸጣለች፣ ሌላዋ ሳቢያን ሰፈር ዳቦ ቤት አላት። ብራችንን ጥለን ቡና ስንጠጣ እንጠያየቃለን። “ያልሽውን አደረግሽ?” ብቻ ነው ጥያቄው። ዳቦ ቤቷ ያላት ዝም ብላ ታይሻለች እኮ! እሷ ፊት ሰበብ ከመደርደር ናሙናውን ተሸክሞ ከዚራ ሰፈር ድረስ በፀሐይ መሄድ ይቀላል። እጣውንም ለሥራው እንዲመች አደርገዋለሁ። ጨርቅ የምገዛው ግንቦት ላይ ስለሆነ፣ እስከዚያ ካልወጣልኝ ከወጣለት ሰው ላይ እጣውን እገዛለሁ። አንቺም እዚያ ሁለት ቀጥ ያሉ ሴቶች ፈልጊ። የሚያሞግሱሽ ዘመዶች አይሆኑም።

የድሬን ሙቀት መቼም አትረሺውም። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ ጋደም ይላል። እኔ ያን ሰዓት የያዝኩት ለሂሳብ ደብተሬ ነው። ቆረጣውን በጠዋት እንጨርሳለን፣ ስፌቱ አመሻሽ ላይ ይቀጥላል።

ወደ አንቺ ልመለስ። የማረቆና የሀላባ አዲስ ዛላ ገበያ የሚገባበት ጊዜ ነው፤ ለሀዋሳ ደግሞ ቅርብ ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ያኔ ሽሮ ፈላጊው ይበዛል። እስከዚያ ያለሽን ጊዜ ለአንዱ ሱቅ ስጪው። በየሳምንቱ ስንት ኪሎ ታስፈጫለሽ? ለየትኛው ምግብ ቤት ናሙና ትሰጫለሽ? ለራስሽስ ደመወዝ ቆርጠሻል ወይስ አስቤዛው ከሱቁ መሳቢያ ነው የሚወጣው? ስለ ሁለተኛው ሱቅ ከፋሲካ በኋላ ቁጥሩን ይዘን እንነጋገራለን።

ለቁልቢ ገብርኤል እንደምትመጪ ወንድምሽ ነግሮኛል። ታኅሣሥ 19 ሩቅ አይደለም። የምታርፊው እኛ ቤት ነው፣ ሌላ ቦታ እንዳታስቢ። ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፣ አንድ በአንድ እጠይቅሻለሁ። ከዚያ ሽሮሽም ሁለት ኪሎ ያዢልኝ፤ ሂሳቡን ሳልከፍል አልቀበልሽም።

እህትሽ