አምፖሉ ከበራ በኋላስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደብረ ብርሃን የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ሳይንስ ትምህርት በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ለኤሌክትሪክ ዑደት ግን ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖልና ቁራጭ ሽቦ ይበቃል፤ ሰፈር ሱቅ ይገኛል። ይበልጥ የቸገረን ልጆቹ ያዩትን መለስ ብለው የሚያስቡበት ጊዜ ነው።

በቅርቡ ተማሪዎቼ ሁለት አምፖሎችን በአንድ መስመር አከታትለው አገናኙ። ከመጀመራቸው በፊት ግምታቸውን ደብተር ላይ አጽፋቸዋለሁ፤ በእስክሪብቶ፣ ኋላ እንዳይጠፋ። አብዛኞቹ «ከድንጋዩ ቀጥሎ ያለው አምፖል ይደምቃል፤ ኮረንቲውን ቀድሞ ይበላዋል» ብለው ጻፉ። አንዱ ቡድን ሲያገናኝ እውነትም የመጀመሪያው ደመቀ። አጨበጨቡ። ሊደወል ጥቂት ቀርቶት ነበር። «በምን አወቃችሁ? ምክንያቱ ሌላ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኋቸውና ዝም አልኩ።

ዝምታው ረዘመ። ጥግ የምትቀመጥ፣ እጇን እምብዛም የማታወጣ ልጅ «ቲቸር፣ ቦታ ላቀያይራቸው?» አለችኝ። ፈታ አቀያየረቻቸው። ድምቀቱ ከአምፖሉ ጋር አብሮ ሄደ! አንደኛው ከሌላ የእጅ ባትሪ የተነቀለ ስለነበር የክሩ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቲን የመግታት ባሕርዩ፣ ከፍ ስለሚል ያው ኮረንቲ ሲያልፍበት ይበልጥ ይግላል፤ የደመቀው ለዚያ ነው እንጂ ቀድሞ ስለተቀመጠ አይደለም። በማግስቱ አንድ ዓይነት አምፖሎች ገዝቼ መጣሁ፤ ሁለቱም እኩል ፈዘዝ ብለው በሩ። በአንድ መስመር የሚያልፈው ኮረንቲ ለሁለቱም እኩል ነው፤ አንዱም አይበላውም። ልጅቷ ከግምቷ ሥር «ልክ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» ብላ ጽፋለች። ያችን ገጽ ከየትኛውም ፈተና ውጤት አብልጬ አያታለሁ።

አንድ ጊዜ ክፍል ሊጎበኝ የመጣ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ዝምታ አይቶ «ሰዓት እየባከነ ነው» ብሎኝ ነበር። የመምህር መምሪያ የምታዘጋጁና ክፍል የምትጎበኙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ለዚህ ዝምታ አምስት ደቂቃ መድቡለት፤ እንደ ሥራም ቁጠሩት። ወላጆችም ልጃችሁ ቤት ሊሞክር ሲነሳ በድንጋይ ብቻ ይሁን፤ የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ነው፣ ይገድላል።

የዚያን ዕለት ከክፍል ስንወጣ አንዱ ተከትሎኝ «ቤታችን የሳሎኑ አምፖል ሲቃጠል የጓዳው ለምን አይጠፋም?» አለኝ። መልሱን አልነገርኩትም። ሽቦና አምፖል ሰጥቼው ግምቱን ጽፎ እንዲመጣ ነገርኩት።

የሳይንስ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን