ያረጀው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ዲስኩ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ትንንሽ ድርጅቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በሙሉ እንዲቀይሩ የሚመክረውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ሥራዬ የእነዚሁን ድርጅቶች ኮምፒውተር መጠገን ነው። «በሙሉ» የምትለዋ ምክር ብዙ ሰውን ለማያስፈልገው ወጪ ትዳርጋለች ብዬ ስለምሰጋ ነው የጻፍኩላችሁ።

የደኅንነቱ ስጋት እውነት ነው። የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ የማይደርሰው ማሽን ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ የድርጅት ሒሳብ ሊያዝበት አይገባም። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያምስ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ ያልጫኑት ናቸው የተጠቁት። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደኅንነት ቺፕ) እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ደህና የሚሠሩ ብዙ ማሽኖችን አይቀበልም።

ነገር ግን ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ «አርጅቷል» የሚባለው ቶሎ ነው። ከፍቼ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። እሱን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መተካት፣ ራሙን 8 ጊጋ ማድረስ፣ ፋኑ ላይ የተጋገረውን አቧራ ማጽዳትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን፣ የደረቀውን ቅባት (ቴርማል ፔስት) መቀየር ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ የሚሆን ማሽን ይመልሳል። ዊንዶውስ 11 ለማይቀበለው ማሽን በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ አለ። ሊኑክስ ላይ የማይሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት ከሆነ ግን ይቀየር፤ እስኪቀየር ከኔትወርክ ተነጥሎ ይሥራ።

አንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ታገኘዋለች። ደረሰኝ በተሳሳተ ቀን ይታተማል፤ ቀኑ ስለማይገጥምም የባንኩ ድረ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አላስገባ ይላታል። «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ተብለው ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ማዘርቦርዱ (ዋናው የሰርኪት ሰሌዳ) ላይ ያለችውን፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረውን ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አውጥቼ ለካሁ፤ 3 ቮልት መስጠት የሚገባት 2 እንኳ አልሞላችም። አዲስ ባትሪ አስገብቼ ሰዓቱን አስተካከልኩ። ማሽኑ እስከ ዛሬ ደረሰኝ ያወጣል።

እኔን የሚያስፈራኝ ማንም ሳያየው የሚደክመው ዲስክ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ፋይል ሲገለበጥ መሃል ላይ መቆም፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት በሚመዘግበው «ስማርት» ምርመራ ላይ የተበላሹ ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ክፍሎች) ቁጥር መጨመር፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን ባክአፕ (የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ) ይደረግ። ኮምፒውተሩ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ፍላሽ ብቻውን ባክአፕ አይባልም፤ ሌባውም እሳቱም አብረው ይወስዱታል። አንድ ቅጂ ከቢሮ ውጭ ይኑር፤ ፋይሎቹ በትክክል መከፈታቸውም አልፎ አልፎ ይሞከር። በየማሽኑ ጎን ደግሞ መቼ እንደተገዛ፣ ዲስኩና የዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየው መሣሪያ) ባትሪ መቼ እንደተቀየሩ የሚናገር ወረቀት ይለጠፍ። እንዲህ የያዘ ድርጅት በየዓመቱ በጣም የደከመውን አንድ ወይም ሁለት ማሽን እየለየ መተካት ይችላል፤ ሁሉንም ባንዴ ለመግዛት አይገደድም።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ጉዳይም አለ። ድርጅቶቹ ምክራችሁን ሰምተው አሮጌዎቹን ሲያስወግዱ በዲስኮቹ ላይ ያለው የደንበኞች ስልክ፣ የደመወዝ ዝርዝርና የውል ቅጂ አብሮ ይወጣል። ፋይል መሰረዝም ሆነ ፈጣኑ ፎርማት መረጃው ለመጥፋቱ ዋስትና አይሆንም፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። የሚሽከረከረው ዲስክ በላዩ ላይ ሌላ ዳታ ተጽፎበት፣ ኤስኤስዲው ደግሞ በራሱ የማጥፊያ ትዕዛዝ መጽዳት አለበት። አልሆን ካለ ዲስኩ ወጥቶ ቢሮው ውስጥ ይቅር። በሚቀጥለው እትማችሁ ይህን ብቻውን ብትጽፉበት፣ ኮምፒውተሮቻቸውን ለመሸጥ የተዘጋጁት ሳይዘገይ ይደርሳቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ