ጠፍቼ የከረምኩት ሆርቲካልቸር ይዞኝ ነው

እንዴት ነህ ወንድሜ? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ፣ ቤተሰቡስ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ሆርቲካልቸር መማር ጀምሬ በሱ ተጠምጄ ነው ድምፄ የጠፋው፣ እና ሁሌ የሚገርም ነገር ሳገኝ ይሄንንማ ላንተ መንገር አለብኝ እላለሁ።

ያው የአትክልት፣ የፍራፍሬ፣ የአበባ፣ የጌጥ ተክል ልማት ነው። ስንዴ ከሆነ ማሳውን በሙሉ በማሽን ዘርተህ በማሽን ታጭዳለህ፣ እዚህ ግን አብዛኛው ስራ የእጅ ነው፣ እያንዳንዱን ተክል ለብቻው ታየዋለህ፣ ትገርዘዋለህ፣ ፍሬውን ሳይጎዳ ትለቅማለህ። ለዚህ ነው በትንሽ መሬት ብዙ ሰው ስራ የሚያገኝበት።

ቫኒላን፣ ያንን ለኬክና ለአይስክሬም ጣዕም የሚገባውን ተክል፣ ብቻ ልንገርህ። አበባው ከፈካ በዛው ቀን ይጠወልጋል፣ ከትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ አውጥተው ሌላ ቦታ ሲተክሉት ደግሞ የሚያዳቅለው፣ ማለትም የወንዴውን ዱቄት ወደ ሴቴው የሚያደርስለት ነፍሳት ስለሌለ ያብባል እንጂ አያፈራም ነበር። በፈረንጆች 1841 ህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ሬዩኒየን ደሴት ላይ ኤድሞንድ አልቢየስ የሚባል የ12 አመት ልጅ፣ ያውም በባርነት ያለ ልጅ፣ በቀጭን እንጨት የአበባውን ወንዴና ሴቴ ክፍል የሚለየውን ስስ ሽፋን ገለጥ አድርጎ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፣ በቃ አፈራ! ዛሬም ቫኒላ በአብዛኛው እንደዛው በእጅ ነው የሚዳቀለው። ልጁ ግን ሌሎች ከቫኒላ ካገኙት ሀብት ምንም ሳይደርሰው በድህነት ሞተ፣ ይሄ ነገር ውስጤን ያቃጥለዋል።

ግራፍቲንግም አለ። የአፕል ዘር ብትዘራ እናቱን የሚመስል አይወጣልህም፣ ስለዚህ ከምትፈልገው ዛፍ ቀንበጥ ትቆርጥና በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ታስረዋለህ፣ ከቀንበጡ ቅርፊት ስር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ከግንዱ አረንጓዴ ሽፋን ጋር ካልገጠመ አይዝም። ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አፕል አውስትራሊያ ውስጥ በ1860ዎቹ በአጋጣሚ ከበቀለ አንድ ዛፍ ነው እንደዚህ እየተቆረጠ አለምን ያዳረሰው።

የአለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል፣ እሱ ደግሞ ያለ አልሚ ከየት ይመጣል? ሰው ግን ግብርና ሲባል እህል ብቻ ነው የሚታየው። ደሞ መብል ብቻም አይደለም፣ በ1984 የወጣ አንድ ጥናት በመስኮት ዛፍ የሚያዩ ኦፕራሲዮን የሆኑ በሽተኞች ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ ይላል።

በል አሁን በረንዳህ ላይ ፀሐይ በቀን ስንት ሰአት እንደሚያርፍ አይተህ ጻፍልኝ፣ ከ6 ሰአት በላይ ከሆነ ቲማቲም፣ ካነሰ ሰላጣ ነው የምናደርገው፣ የምትተክልበት እቃ ብቻ ከስሩ ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ይኑረው።